ለብቻው የቆመ የመቀበያ አንቴና ከራዲዮው ጋር እንዴት ይገናኝ? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለው ቤትህ በ7 ሜጋ ኸርዝ ላይ ጩኸቱ ኤስ 9 (በራዲዮው የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ላይ ከፍ ያለ ደረጃ) ደርሶ ጣቢያ አላሰማህ እንዳለ፣ ለአይኮም 7300 የአማተር መገናኛ ራዲዮህ ጓሮ ውስጥ የመቀበያ ሉፕ (ከክብ ሽቦ የተሠራ አንቴና) ለመትከል እንዳሰብክ፣ አንድ ሰውም «ሁለቱን አንቴና በቲ ማገናኛ አንድ ላይ ሰካቸው» እንዳለህ ጽፈሃል። እባክህ በቲ ማገናኛ እንዳትሰካቸው። 100 ዋት በ50 ኦም መስመር ላይ 70 ቮልት ያህል ነው፤ የሉፑ ማጉያ ደግሞ የተሠራው የቮልት ሚሊዮንኛ ለሆነ ምልክት ነው። ማይክሮፎኑን በተጫንክበት ቅጽበት ማጉያው ይቃጠላል።

ኬንውድ 590ም ሆነ አይኮም 7610 ከኋላቸው ለመቀበያ አንቴና ብቻ የተሰጠ ቀዳዳ አላቸው፤ በእነሱ ላይ ሰክቶ መምረጥ ነው። 7300 ግን ያለው አንድ የአንቴና ቀዳዳ ስለሆነ ከውጭ ሁለቱን አንቴናዎች በሪሌ (በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚቀያይር ሳጥን ያስፈልግሃል። ሳጥኑን ራስህ መሥራት ትችላለህ፤ አደጋው ያለው ሪሌው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ በየትኛው አንቴና ላይ ያርፋል በሚለው ላይ ነው።

እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን ስሠራ ሪሌው ያለ ኤሌክትሪክ ሉፑ ላይ እንዲያርፍ፣ ሳስተላልፍ ደግሞ ተስቦ ወደ ማስተላለፊያው እንዲዞር አደረግሁት። ለጥቂት ሳምንታት ያለ ችግር ሠራ። አንድ ምሽት በማስተላለፊያው በኩል ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር መሣሪያ) አስሬ በ10 ዋት ስሞክር፣ የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከብየዳው ተላቆ ኖሮ ሪሌው ሳይሳብ ቀረ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ እንዳልተሰማ የገባኝ የሉፑ መለኪያ ዜሮ ሆኖ ከቀረ በኋላ ነው። የሉፑን ሳጥን ስከፍተው የትራንዚስተሩ ፊት ተሰንጥቋል፤ አጠገቡ ያለው ሬዚስተር ጠቁሯል። የዚያ ፕላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው በተቃራኒው ነው። ሪሌው ሥራ ሲፈታ በማስተላለፊያው አንቴና ላይ ያርፋል፤ የሚሳበው በምቀበልበት ጊዜ ብቻ ነው። የሪሌውን 13.8 ቮልትም ሆነ ራዲዮው ማስተላለፍ መጀመሩን የሚነግረውን ምልክት ከራዲዮው ጀርባ ተጨማሪ መሣሪያ ከሚሰካበት ከአንድ መሰኪያ ነው የማወጣቸው። መሰኪያው ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩም አብሮ ስለሚቋረጥ ሪሌው ወደ ማስተላለፊያው ይመለሳል። የሚቀረው አደጋ የምልክቱ ሽቦ ብቻውን የተበጠሰ እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ኃይሉን ዝቅ አድርጌ የሪሌውን ድምፅ በጆሮዬ አረጋግጣለሁ። አንተም የአማተር ራዲዮ ፈቃድህን እየጠበቅህ ስለሆነ ሙከራውን ሁሉ በዳሚ ሎድ አድርገው።

የሪሌውን ጅረት የራዲዮው የምልክት መስመር እንዲሸከም አታድርግ፤ ትንሽ ትራንዚስተር መሀል አስገባ፤ በሪሌው መጠምጠሚያ ላይም ሪሌው ሲለቀቅ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ግፊት የሚውጥ ዳዮድ አስቀምጥ። ዳዮዱ የሪሌውን መለቀቅ በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚያዘገየው በራዲዮው ምናሌ ውስጥ የማስተላለፊያውን መዘግየት 20 ሚሊሰከንድ ላይ አድርገው። ሁለተኛ ሪሌም ጨምር፤ ስታስተላልፍ የሉፑን ገመድ ከመሬት ጋር ያጋጥመው። ሉፑ ከማስተላለፊያው አንቴና ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ሽቦ ሳይነካውም ብዙ ኃይል ይለቅማል።

ሪሌ ፍለጋ ከተበላሸ ስታቢላይዘር አታውጣ። እኔ አውጥቼ ነበር። የመገናኛው ፊት በቤት መብራት ኃይል የተላላጠ ስለነበረ 100 ዋቱን ያለ ችግር ያሳልፋል፣ ደካማውን ምልክት ግን አያሳልፍም። ጣቢያው ሲጠፋብኝ ሳጥኑን በጣቴ መታ ሳደርገው ይመለስ ነበር። አዲስና የታሸገ ሪሌ ግዛ።

ስለ ሉፑም ልንገርህ። አንድ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ በቀርከሃ ላይ አሰርኩት። ከሰፈራችን የብረት ብየዳ ቤት ሥራ ሲጀምር ጩኸቱ ኤስ 8 ይደርሳል። ሉፑን በእጄ ቀስ እያልኩ ሳዞረው፣ የክቡ ጠፍጣፋ ፊት ወደ ብየዳ ቤቱ ባቀናበት ነጥብ ጩኸቱ ድንገት ወደ ኤስ 1 ወረደ። ነጥቡ በጣም ጠባብ ነው፤ በፍጥነት ብታዞረው ታልፈዋለህ። ጣቢያውም ከኤስ 9 ወደ ኤስ 5 መውረዱ እንዳያስደነግጥህ። በማስተላለፊያው የሽቦ አንቴና በጣቢያውና በጩኸቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ደረጃ ነበር፤ በሉፑ አራት ሆነ። እያንዳንዱ ደረጃ 6 ዴሲቤል ስለሆነ 18 ዴሲቤል አተረፍኩ ማለት ነው። መርፌው ከፍ ማለቱን ሳይሆን ይህን ልዩነት ተመልከት።

ሉፑን ከቤቱ ግድግዳ በቻልከው መጠን አርቀው። የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ጩኸት በኮአክሲያል ገመዱ ውጫዊ ሽፋን ላይ እየተጓዘ ሉፑ ድረስ ስለሚደርስ፣ ገመዱን ቁጥር 31 በሚባለው የፌራይት ቀለበት (ጩኸቱን የሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ላይ 12 ዙር ጠምጥመው፤ አንዱን ከሉፑ ሥር፣ ሌላውን ወደ ቤት ከሚገባበት አጠገብ። ሳጥኑን ስትጨርስ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፤ ወደ ራዲዮው ሳታገናኘው በፊት ሽቦውን አብረን እናየዋለን።