አውስትራሊያ ወይስ ካናዳ? ዕድሜሽን አይተሽ ወስኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። 29 ዓመትሽ ነው፣ የጀርመን ፓስፖርት አለሽ፣ በወርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ አንድ ዓመት እየሠራሽ መዞር ፈልገሽ አውስትራሊያ ልሂድ ካናዳ ብለሽ ተቸግረሻል። ምን ያህል ገንዘብ ልያዝ፣ ኤጀንሲ ያስፈልጋል ወይ፣ እርሻ ላይ መሥራትስ ግዴታ ነው ወይ ብለሻል። እኔ አውስትራሊያ በዚህ ቪዛ ሠርቻለሁ። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አውስትራሊያን አስቀድሚ። የትኛው አገር ያምራል የሚለውን ለጊዜው ተዪው፣ ጉዳዩ የዕድሜ ነው። በጀርመን ፓስፖርት የሚሰጠው የአውስትራሊያ ቪዛ፣ ቁጥሩ 417 የሚባለው፣ 31 ከመሙላትሽ በፊት ካላመለከትሽ አለቀ። የካናዳው ለጀርመኖች እስከ 35 ድረስ ነው። ካናዳ ደግሞ ዕጣ አለው። ተመዝግበሽ ግብዣ እስኪደርስሽ ትጠብቂያለሽ። ግብዣው ሲመጣ ለመቀበል 10 ቀን፣ ማመልከቻውን አሟልቶ ለማስገባት ደግሞ 20 ቀን ብቻ ነው ያለሽ። ስለዚህ ጊዜው የሚያልፍብሽን አስቀድሚ።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ዕድሜ የሚታየው ባመለከትሽበት ቀን ነው። ከተፈቀደልሽ በኋላ ለመግባት 12 ወር ይሰጥሻል፣ የቆይታሽ ዓመት የሚቆጠረው ደግሞ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ነው። 30 ዓመትሽ ላይ አመልክተሽ 31 ሞልቶሽ ብትገቢ ማንም አይጠይቅሽም። ግን የመጀመሪያውን ቪዛ ስታመለክቺም ሲፈቀድልሽም ከአውስትራሊያ ውጭ መሆን አለብሽ። በቱሪስት ቪዛ ገብቼ እዚያው እጨርሳለሁ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ልበል። የሚታየው ፓስፖርት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ጀርመን ስንት ዓመት ብትኖሩም ፓስፖርታችሁ ስምምነት ከሌለው አገር ከሆነ አይሰጣችሁም። «ለማንኛውም ፓስፖርት እናስጨርሳለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ እየዋሸ ነው።

ኤጀንሲ አያስፈልግሽም። ሁሉም በኦንላይን ያልቃል። የቪዛው ክፍያ ከ600 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው፣ በየዓመቱ ስለሚጨምር ከመክፈልሽ በፊት የመንግሥቱን ድረ ገጽ እዪ። ባንክ ውስጥ ወደ 5,000 ዶላር፣ ከዚያ በተጨማሪ የመመለሻ ቲኬት መግዣ እንዳለሽ ማሳየት ይጠበቅብሻል። ይህን ገንዘብ ከዘመድ ተበድሬ አሳይቼ እመልሳለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ሥራ እስክታገኚ ሆስቴል አለ፣ ክፍል ስትከራዪ ደግሞ የሳምንታት ኪራይ በማስያዣነት ይወስዱብሻል። ገንዘብ ያለቀበት ሰው የመጀመሪያውን ሥራ አይመርጥም።

አሁን ወደ እርሻው። ለመጀመሪያው ዓመት ግዴታ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ከፈለግሽ ግን በተፈቀዱ አካባቢዎች፣ በተፈቀዱ የሥራ ዓይነቶች 3 ወር፣ ማለትም ቢያንስ 88 ቀን መሥራት አለብሽ። እርሻ ብቻም አይደለም። ኮንስትራክሽን አለ፣ ዓሣ ማጥመድ አለ፣ በሰሜኑና በጣም ራቅ ባሉ አካባቢዎች የሆቴልና የሬስቶራንት ሥራም ይቆጠራል። ብቻ የሥራ ቦታውን የፖስታ ኮድ ከተፈቀዱት አካባቢዎች ዝርዝር ጋር ሳታመሳክሪ አትጀምሪ።

እኔ ዋናው የምለው ይህን ነው፦ ሁለተኛ ዓመት ትፈልጊ እንደሆን ገና ሳትሄጂ ወስኚ፣ ከፈለግሽ ደግሞ 88ቱን ቀን መጀመሪያ ላይ ጨርሺው። አብዛኛው ሰው ሲድኒ ወይ ሜልበርን ካፌ ውስጥ ሲሠራ፣ ሲዝናና ይከርምና ቪዛው ሊያልቅ ሲል መሯሯጥ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚጠብቅ ቀጣሪ ሞልቷል። ቀን እንደሚቆጥር ያውቃል፣ ምን ቢያደርገው ጥሎ እንደማይሄድም ያውቃል። «ሥራ እናገኝላችኋለን» ብሎ የሁለት ሳምንት ኪራይ አስቀድሞ የሚቀበል ሆስቴል ገብቼ፣ ሥራው «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲባል አይቻለሁ። እኔ ጊዜ ስለነበረኝ ጥዬ ወጣሁ። አልጋዬ አጠገብ የነበረው ልጅ ቪዛው ሊያልቅ ስለነበር እዚያው ቀረ።

ከዚያ ሰሜን አውስትራሊያ፣ ካትሪን የምትባል ከተማ አካባቢ ማንጎ ለቀማ ገባሁ። ሥራው የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነው፣ ረፋዱ ላይ ሙቀቱ አያስቆምም። የመልቀሚያው ማሽን በዛፎቹ መሃል ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ለቃሚው ከቦት እየቀነጠሰ ሳሙና ያለው ውኃ ውስጥ ይጥላል። ውኃው ለማንጎው ብቻ እንዳይመስልሽ። ፍሬው ሲቀነጠስ ከዘንጉ የሚረጨው ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል። ረጅም እጅጌና ጓንት ለብሰሽም ጓንቱና እጅጌው መሃል ያለችው ክፍት ቦታ ቀልታ፣ አብጣ ሌሊቱን ስታሳክክሽ ታድራለች። ቀኑን ሙሉ ላይ ላዩን እየታጠብሽ ሥሪ። ወቅቱ ሴፕቴምበር ገደማ ከሰሜን ይጀምርና ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ሰዉም አብሮት ይወርዳል።

ፔይስሊፕ፣ ማለትም የደመወዝ መግለጫ ወረቀት፣ ካልሰጡሽ አንድ ቀን እንኳ አትቆዪ። ከእ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ የተሠራ ሥራ አይቆጠርም። ለምግብና ለመኝታ ብቻ የሚያሠሩሽም ከዚሁ ይመደባሉ። በካሽ ከከፈሉሽ ደግሞ ማስረጃ የለሽም። በጊዜያዊነት ከቀጠሩሽ የሚቆጠረው የሠራሽበት ቀን ነው። ዝናብ ዘንቦ ሥራ ከተዘጋ ያ ቀን ባዶ ነው። በየቀኑ በደብተር መዝግቢ፣ ፔይስሊፑን በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

በሣጥን ወይ በኪሎ እንከፍላለን ካሉሽም ከኤፕሪል 2022 ወዲህ በፍራፍሬና አትክልት ሥራ የሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ ዋስትና አለሽ። «ዝግ ያልሽ ስለሆንሽ ነው» ቢሉሽ አትስሚያቸው። የሠራተኛ መብት የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፌር ወርክ ኦምቡድስማን የሚባለው፣ ቅሬታ የሚቀበለው በነፃ ነው።

ግብር ላይ ብዙ አልቆይም። እንደደረስሽ የግብር ቁጥር አውጪ፣ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾችን እለፊያቸው። ቁጥሩ ካለሽ እስከ 45,000 ዶላር ድረስ 15 በመቶ ነው የሚቆረጠው። ከሌለሽ 45 በመቶ ይወስዱብሻል። ቀጣሪው የሚያስቀምጥልሽን የጡረታ ገንዘብ ስትወጪ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ግን 65 በመቶውን ግብር ይበላዋል። የቀረችውም ቢሆን ገንዘብ ናትና ጠይቂ።

ለአንድ ቀጣሪ ከ6 ወር በላይ መሥራት በመርህ አይፈቀድም፣ እርሻን ጨምሮ የተወሰኑ ነገሮች ግን ከዚህ ነፃ ናቸው። ባር ላይ መሥራት ካሰብሽ አልኮል የማስተናገድ ሰርተፍኬት፣ ኮንስትራክሽን ከሆነ ዋይት ካርድ የሚሉትን የደኅንነት ሥልጠና ካርድ አስቀድመሽ አውጪ።

መንጃ ፈቃድ ካለሽ ዓለም አቀፉን ከጀርመን ሳትወጪ አሠሪ። አብዛኛው እርሻ ጋ አውቶቡስ አይደርስም። ከሦስትና ከአራት ሆነው አሮጌ መኪና የሚገዙ ልጆችም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ መንዳት ትችያለሽ ወይ ብለው ነው።