መልስ፦ የማክ ማውስ ቀኝ ክሊክ እምቢ ሲል

ሐዋሳ የገዛሁት የማክ ማውስ ቀኝ ክሊኩ አይሰራም፣ ተበላሽቶ ይሆን ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ ማውሱ አልተበላሸም፤ ወደ ገዛህበት ሱቅ ለመመለስ አትቸኩል። ማጂክ ማውስ (የአፕል ገመድ አልባ ማውስ) ቀኝ ክሊኩ ከሴቲንግ ካልተከፈተ ቀኙንም ብትጫን እንደ ግራ ነው የሚቆጥረው።

1. ከላይ ግራ ጥግ ያለችውን የአፕል ምልክት ተጫንና ሲስተም ሴቲንግስ ግባ። አሮጌ ሲስተም ከሆነ ሲስተም ፕሪፈረንስስ ይላል።
2. የጎን ዝርዝሩን እስከ ታች ወርደህ ማውስ የሚለውን ክፈት። ካጣኸው ማውሱ በብሉቱዝ አልተገናኘም ማለት ነው።
3. ሰከንደሪ ክሊክ (ቀኝ ክሊክ ማለት ነው) ላይ ክሊክ ራይት ሳይድ የሚለውን ምረጥ።

እስከዚያው ኮንትሮል ቁልፍን ይዘህ ክሊክ ብታደርግ በቀኝ ክሊክ የሚከፈተው ሜኑ ይመጣልሃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ይሄ ማውስ ሁለት ቁልፍ የለውም፤ ከላይ አንድ ወጥ ገጽ ነው፣ ቀኝና ግራውን የሚለየው በጣትህ ንክኪ ነው። ጠቋሚ ጣትህ ግራው ላይ እንዳረፈ በመሃል ጣትህ ስትጫን ግራ ክሊክ ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ሰው "አስተካክዬም አልሰራም" የሚለው በዚህ ነው። ስትጫን ጠቋሚህን ትንሽ አንሳው።

ካስመረረህ ባለ ሁለት ቁልፍ ተራ የዩኤስቢ ማውስ ይሻልሃል፤ ሴቲንግ ሳይነካ ይሰራል። ላፕቶፑ ያለው የታይፕ ሲ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ግን አዳፕተር አብረህ ግዛ።