ፋሲል ግቢ «ካስል» ነው ወይስ «ፓላስ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ጎንደር ውስጥ አስጎብኚነት ከጀመርኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። ፋሲል ግቢን ሳስጎበኝ አንዴ «ካስል» አንዴ «ፓላስ» እላለሁ። በቀደም አንዲት እንግዳ «የትኛው ነው ትክክሉ?» ብላ አፋጠጠችኝ። መዝገበ ቃላት ባይ ሁለቱንም «ቤተ መንግሥት» ብሎ አለፈው። «ሂስቶሪክ» እና «ሂስቶሪካል»ም ያምታቱኛል። እባካችሁ አንድ በሉኝ። (አስጎብኚው፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥያቄህ ደስ የሚል ነው። እንጀራህም ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ካስል» ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት ምሽግ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ማማ፣ ጠላት ሲመጣ የሚታይበት ሰገነት። ንጉሥ ወይም መኳንንት ይኖርበታል፣ ግን ሲሠራ ጦር ይመጣል ተብሎ ነው የተሠራው። ቃሉም ከላቲን የመጣ ነው፣ እዚያ ትንሽ ምሽግ ማለት ነበር። «ፓላስ» ደግሞ የሮም ነገሥታት ይኖሩበት ከነበረው ከፓላታይን ኮረብታ ስም የወጣ ነው። ክብርና ምቾት ያለበት የንጉሥ መኖሪያ ማለት ነው፤ የጦሩ ነገር ከቃሉ ውስጥ የለም።

እንግሊዞቹ ጋ አንዱ ንጉሥ ሁለቱም አለው። ዊንዘርን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ድል አድራጊው ዊሊያም ነው በምሽግነት ያስጀመረው፣ ስለዚህ ዛሬም ድረስ «ዊንዘር ካስል» ነው። ባኪንግሃም ግን ጆርጅ 3ኛ እ.ኤ.አ በ1761 የገዛው መኖሪያ ቤት ነበር፣ በኋላ ተስፋፍቶ «ፓላስ» ተባለ። የእኛው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተቀበረው ዊንዘር ካስል ውስጥ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። እ.ኤ.አ በ2023 አፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ግን አይሆንም ያለው «ባኪንግሃም ፓላስ» ነው። እዚህ ላይ «ፓላስ» ሕንፃው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነው፣ እኛም «ቤተ መንግሥት እንዲህ አለ» እንደምንለው። «ካስል» በዚህ መልክ ሲነገር ብዙም አትሰማም። (መቼም ስሙን ካነሳን አይቀር፣ የቋራው ካሳ ልጅ አፅም አገሩ መግባት አለበት ብለን እናምናለን።)

ወደ ግቢያችን እንመለስ። የአፄ ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት፣ አናቱ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው የምሽግ ግንብ አለ፣ ግቢውን ደግሞ 900 ሜትር የሚሆን ቅጥር ከቦታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ይህንን ግቢ የምሽግ ከተማ እያለ ነው የሚገልጸው። ስለዚህ ሕንፃውን «ፋሲለደስ ካስል» በለው፣ ዓለምም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ሥራውን ስትናገር ግን «ፓላስ» ብትል አልተሳሳትክም፣ ንጉሡ ኖሮበታል፣ ግብር አብልቶበታል፣ አገር አስተዳድሮበታል። እንግዳዋን «መልኩ ካስል፣ አገልግሎቱ ፓላስ» ብትላት ኖሮ ትረካ ነበር። የማያስኬደው ግቢውን በሙሉ «ካስል» ማለት ነው። የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የአንበሶቹ ቤት ምኑም ካስል አይደለም። ለጠቅላላው «ሮያል ኢንክሎዠር» በል። ቁስቋም ላይ ያለውን የእቴጌ ምንትዋብን ደግሞ «ፓላስ» ብትለው ያምርበታል።

«ሂስቶሪክ» በታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ነው። «ሂስቶሪካል» ካለፈ ዘመን ጋር የተያያዘ ማንኛውም ነገር ነው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ። አያትህ የዛሬ 50 ዓመት የከፈሉበት የመብራት ደረሰኝ ለአጥኚ «ሂስቶሪካል» ሰነድ ይሆናል እንጂ «ሂስቶሪክ» አይሆንም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ በ1636 ጎንደርን መቆርቆራቸው ግን «ሂስቶሪክ» ነው። ከተማዋም «ሂስቶሪክ ሲቲ» ነች።

ሳትጠይቀን አንድ እንጨምርልህ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገባ የመላእክቱን ሥዕል «ሩፍ» ላይ እንዳትል። «ሩፍ» ውጭ ያለው፣ ዝናብ የሚያርፍበት ክዳን ነው። መላእክቱ ያሉት «ሲሊንግ» ላይ ነው፣ ማለትም ኮርኒሱ ላይ። አማርኛችን ሁለቱንም «ጣሪያ» ስለሚል ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ እንግዳው ደግሞ ውጭ ወጥቶ አንጋጦ የሣር ክዳኑን ያያል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ቦሮው» እና «ሌንድ» ፈተና ላይ ሁሌ ይጥሉኛል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ አማርኛሽን ተማመኚበት። «ቦሮው» ተዋሰ ወይም ተበደረ ነው፣ «ሌንድ» አዋሰ ወይም አበደረ። እስክሪብቶ ስትፈልጊ «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን» ወይም «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ትያለሽ። «ቦሮው ሚ» ካልሽ ግን ዜሮ ነው። መጠንቀቅ ያለብሽ «ሬንት» ላይ ነው፣ ምክንያቱም ተከራዩም አከራዩም በዚሁ አንድ ቃል ነው የሚጠቀሙት። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «አይ ሬንት ፍሮም ሀር» ካልሽ ተከራይ ነሽ፣ «አይ ሬንት ቱ ሀር» ካልሽ አከራይዋ አንቺ ነሽ።