«ሺባማታ ምን አለ?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው በቶኪዮ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኤዶ ወንዝ ዳር ስላለችው ስለ ሺባማታ ሰፈር ጽፌ ነበር። ደብዳቤው ጎርፏል። ግማሹ ጥያቄ ሳይሆን ቅሬታ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ናሪታ ኤርፖርት የሚያርፍ አንባቢ፣ ቶኪዮ መሀል ሳይገባ ሺባማታ መድረስ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል።

ይቻላል። ኬይሴይ የሚባለውን ባቡር ይዘህ ታካሳጎ ውረድ፤ ስካይላይነር የሚባለው ፈጣኑ ግን እዚያ አይቆምም። ከዚያ የካናማቺን መስመር ያዝ፤ ቀጣዩ ጣቢያ ሺባማታ ነው። መስመሯ በ1899 ስትጀመር ፉርጎውን የሚገፋው ሰው ነበር። አሁን በኤሌክትሪክ ነው፤ አትገፋም።

ጣቢያው ፊት ሻንጣ ይዞ የቆመው ሐውልት ማን ነው?

ቶራሳን። በ1969 የጀመረ የተከታታይ ፊልም ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ፣ ሁሌ ተጓዥ። ተዋናዩ ኪዮሺ አጹሚ በ48 ፊልሞች ተጫውቶታል። አብራው በሐውልት የቆመችው ሴት እህቱ ሳኩራ ናት።

አንድ ወንድማችን ተናዷል። «በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ መቅደስ፣ አንድ ጀልባ። ምኑን ነው ያሞገስከው?»

በግማሽ ሰዓትማ ላሊበላንም መጨረስ ይቻላል።

እሺ፣ ከጀልባዋ እንጀምር። በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ሰው እንደልቡ ወንዝ እንዲሻገር አይፈቀድለትም ነበር። ማሳቸው በወዲያኛው ዳር ለሆነ ገበሬዎች ግን ተፈቀደ። የያጊሪ መሻገሪያ የዚያ ፈቃድ ቅሪት ነው። ዛሬም ጀልባዋን የሚቀዝፋት ሰው ነው፤ ቶኪዮ ውስጥ እንዲህ ያለ መሻገሪያ ሌላ አልቀረም።

በመንገዱ ዳር ያሉት ሱቆችም እንደዚያው ናቸው። ታይሻኩተን የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ የተመሠረተው በ1629 ነው። ጠፍቶ የነበረው የቤተ መቅደሱ የተቀደሰ የእንጨት ሰሌዳ በ1779 ተገኘ። የተገኘበት ዕለት፣ በጥንቱ የቀን አቆጣጠር ኮሺን የሚባለው፣ በየ60 ቀኑ ስለሚመላለስ፣ በመጣ ቁጥር ተሳላሚው ይተማል። ተሳላሚ ደግሞ ይርበዋል። የአካባቢው ገበሬ ምግብ መሸጥ ጀመረ፤ ያ 200 ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ እንዲህ ተፈጠረ። በ2018 የጃፓን መንግሥት በቅርስነት ሲመዘግበው አንድ ሕንፃ ነጥሎ አልወሰደም፤ ወንዙን፣ መንገዱንና ቤተ መቅደሱን አንድ ላይ፣ ሰው ኑሮውን ያበጀበት አካባቢ ብሎ ነው።

ስለዚህ ሰፈሩ ለካሜራህ ብሎ አልተሠራም። ደስ የሚለኝም ይኸው ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ተመለስ። ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ የጃፓን አዲስ ዓመት ሰሞን፣ ጸጥታ የለም። ቤተ መቅደሱ ዙሪያ 10 ትልልቅ የእንጨት ቅርጾች አሉ፤ ከ1922 እስከ 1934 ነው የተሠሩት። አንዱን ብቻ መርጠህ ፊቱ ቁም። ከዚያ ወንዙን ተሻገርና በያጊሪ የሽንኩርት ማሳ መሀል በእግርህ ሂድ። ስትመለስ ይርብሃል። ያኔ ሱቆቹ ለምን እዚያ እንደተደረደሩ ይገባሃል።

ካርድ ወይስ ካሽ?

ካሽ።

በጾም የምትሄድ እህት ምን እንደምትበላ ትጠይቃለች።

ኩሳ ዳንጎ ብዪ። የሩዝ ዱቄት የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ቅጠል ጋር ተድቦልቡሎ ይበስልና ጣፋጭ የአደንጓሬ ልቁጥ ይደረግበታል። አብዛኛውን ጊዜ ወተትም እንቁላልም የለበትም። ሾርባውን ግን ተጠንቀቂ፤ ፓስታ የሚመስለው የጃፓን ኑድል መረቁ በዓሣ ነው የሚፈላው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔን አታስገቡኝ።

ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ጀልባዋ ላይ ትውጣ?

ሰፈሩ ሜዳ ነው። ወንዙ ጋ ለመድረስ ግን የጎርፍ መከላከያውን ክምር መውጣትና መውረድ አለ። ጀልባዋም ትንሽ ናት፤ ሲረግጧት ትወዛወዛለች። ነፋስ ከበረታ ትቆማለች፣ በብርዱ ወቅታቸው በአብዛኛው የምትሠራው ቅዳሜና እሑድ ነው። የቀረውን ሐኪሟ ይወቅ።

አንድ ወጣት ደግሞ፣ ቪዛውን «በሦስት ቀን እጨርስልሃለሁ» ያለው ደላላ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆታል።

እንዳትከፍል! በኢትዮጵያ ፓስፖርት ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ኤምባሲው ነው። አዲስ አበባ ያለውን የጃፓን ኤምባሲ ራስህ ጠይቅ። የአጎትህን ልጅ አይደለም፣ እኔንም አይደለም። ኤምባሲውን። ብር ከኪስህ ከመውጣቱ በፊት።

ልጃቸው ለትምህርት የምትሄድባቸው እናት፣ እዚያ አካባቢ ሐበሻ አለ ወይ ይላሉ።

አለ እንጂ እማማ! ሺባማታ ያለችበት ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ቶኪዮ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው፤ በተለይ ዮትሱጊ አካባቢ። የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ። ከዚያ ሺባማታ በባቡር ጥቂት ጣቢያ ነው። ቋንጣ ግን እንዳያስይዟት። ጃፓን ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት የሥጋ ነገር አታስገባም፤ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባታል።