ጀርሙ ነው ወይስ ሰውነቴ የለመደው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ፋርማሲ ገብቼ «አሞክሳሲሊን ሰውነቴ ለምዶታል፣ ጠንከር ያለ ስጪኝ» ብላት፣ ባለሙያዋ «ሰውነትዎ አይደለም የለመደው፣ ጀርሙ ነው» አለችኝ። ቤት ስገባ ደግሞ «ሃምሌት የተባለ የጡት ወተት ፕሮቲን፣ መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ላይ አንቲባዮቲክን ያበረታታል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ለመደ፣ ተላመደ፣ ተለማመደ፤ ትክክሉ የቱ ነው? ደግሞስ መድኃኒት ይበረታታል እንዴ?

መልስ፦ ባለሙያዋ ልክ ናት። ስህተቱ የግሱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ቡና ቢሆን ያስኬዳል፤ ሰውነት ቡናን ይለምድና ሁለተኛው ስኒ አላነቃ ይላል። የአንቲባዮቲክ ዒላማ ግን ባክቴሪያው ነው። የሚለምደውም እሱ ነው።

ከሦስቱ መጀመሪያ የሚወድቀው «ተለማመደ» ነው። ሰው መኪና መንዳት ይለማመዳል፣ በገና መደርደር ይለማመዳል። ባክቴሪያው መድኃኒት ተለማመደ ካልን ከፍሎ ሥልጠና የገባ ይመስላል። ሌሎቹ ሁለቱ ያስኬዳሉ። «ተላመደ» የእርስ በርስ ስሜት አለው፤ ከጎረቤት ጋር እንላመዳለን። ግን «አየሩን ተላመደው» ስንልም ቀስ በቀስ መስማማትን ይገልጻል። የጤና ባለሙያዎች «መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች» የሚሉት በዚሁ ስሜት ነው።

እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንላለን። የምትለምደው ያቺው ጦጣ ናት። ባክቴሪያ ላይ እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱ ደካሞቹን ይገድላል፤ በዘረመል ለውጥ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፣ የሚባዙትም እነሱ ናቸው። ዘረመሉን ለጎረቤት ባክቴሪያ የሚያካፍሉም አሉ። ስለዚህ «መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ» ብል ይቀለኛል።

ወደ ሃምሌት ስንመጣ፣ ከወተቱ ፕሮቲን (አልፋ ላክታልቡሚን) እና ኦሌይክ አሲድ ከተባለ የቅባት አሲድ የሚሠራ ውሁድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካው ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይበግረው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በተባለ ባክቴሪያ ላይ በላቦራቶሪ ሞከሩት። ባክቴሪያው እንደገና በሜቲሲሊን ተሸነፈ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ መድኃኒቱ ያው ነው። ፕሮቲኑ የሚነካው ባክቴሪያውን ነው፣ በሽፋኑ በኩል ያለውን የአዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ሚዛን ያዛባበታል።

ታዲያ «ያበረታታል» ምን ቤት ነው? የሚበረታታው ተማሪ ነው፣ ሯጭ ነው። «ያጠነክራል» ቢባል ደግሞ ዶዙ የጨመረ ያስመስላል። እኔ ብሆን «ፕሮቲኑ ባክቴሪያውን ያዳክመዋል፣ አንቲባዮቲኩ ይጨርሰዋል» ብዬ እጽፍ ነበር። ባጭሩ «አንቲባዮቲኩን ያግዛል» ቢሉም አልጣላዎትም።