ከጀርባ ያስነሳሁት ስክሪፕት ለምን ቆመብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ቢሮ ያለን የኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ብዙ ፋይል የሚገለብጥ ስክሪፕት አለኝ። ሰዓታት ስለሚፈጅ መጨረሻው ላይ & አድርጌ ከጀርባ አስነሳዋለሁ። ሌላ ትእዛዝ ስጽፍ ግን የሱ ጽሑፍ መሃል ላይ ይዘረገፍብኛል። ትናንት ደግሞ ጭራሽ «ስቶፕድ» (ቆሟል) አለኝ፤ እኔ አላቆምኩትም! ምን ነክቶት ነው?
ግራ የገባው፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይዞህ፣ ምንም አልነካውም። & ሼሉን (ትእዛዝህን የሚቀበለውን ፕሮግራም) «አትጠብቀው፣ ሌላ ሥራ ተቀበል» ከማለት ያለፈ ሥራ የለውም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሦስት መስመር ይዞ ይነሳል፦ በ0 ያነባል፣ በ1 ይጽፋል፣ በ2 ስህተቱን ይናገራል። ሦስቱም አሁንም ተርሚናልህ (ትእዛዝ የምትጽፍበት መስኮት) ላይ እንደተሰኩ ናቸው፤ ለዚህ ነው ጽፈህ ሳትጨርስ «450ኛው ፋይል ተገልብጧል» እያለ የሚገባብህ። (የጻፍከው አልጠፋም፣ እይታው ነው የተበላሸው። ቀጥልና ኢንተር በል፣ ይሠራል።)

የመቆሙ ነገር ሌላ ነው። ስክሪፕትህ የሆነ ፋይል ላይ ደርሶ «በላዩ ልጻፍበት?» ብሎ ጠይቆሃል ብዬ እገምታለሁ። ኪቦርዱ ደግሞ ፊት ለፊት ላለው ሥራ ብቻ ነው፤ ከጀርባ ያለው ላንብብ ሲል ሲስተሙ ባለህበት ቁም ይለዋል። ባይሆን ኖሮ የምትጽፈውን ፊደል ከሼሉ ጋር ይሻማብህ ነበር። «ኤፍጂ» (fg) ብለህ ወደ ፊት አምጣው፣ መልስለት፣ ኮንትሮል ዜድ ተጭነህ ለጊዜው አቁመውና በ«ቢጂ» (bg) ወደ ጀርባ መልሰህ ላከው።

ለሚቀጥለው ግን መስመሮቹን ራስህ ሰካቸው፦

./ገልብጥ > ውጤት 2>&1 &

> 1ን «ውጤት» ወደሚባል ፋይል ያዞረዋል። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ። 2>&1 ማለት «2ን፣ 1 አሁን ወዳለበት ላከው» ነው። ከ> በፊት ካስገባኸው 1 ገና ስክሪን ላይ ስላለ ስህተቱ ሁሉ እዛው ይዘረገፋል። እኔ ራሴ ስንት ወር ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ስጽፍ ኖሬ «የውጤቱ ፋይል ስህተት አያሳይም» እያልኩ ስነጫነጭ ነበር።

0ን ደግሞ በ< ከዴቭ ነል (/dev/null፣ ሲነበብ ሁልጊዜ ባዶ የሆነ ፋይል) ጋር አገናኘው፣ ሁለተኛ አይቆምብህም። ግን ለጥያቄው ባዶ መልስ ነው የሚደርሰው፤ ስክሪፕቱ ባዶ ሲያይ ፋይሉን ይዝለለው ወይስ ይሰርዘው ቀድመህ እይ፣ አለበለዚያ ጉድ ይፈላል።

ላፕቶፑን ዘግተህ ቤትህ ስትገባም እንዲቀጥል ከፈለግህ ትእዛዙ ፊት «ኖሃፕ» (nohup) ጨምርበት። የት እንደደረሰ ለማየት «ቴይል -ኤፍ ውጤት» (tail -f፣ የፋይሉን መጨረሻ እየተከታተለ የሚያሳይ) በል። ማየቱ ሲበቃህ ኮንትሮል ሲ፤ የሚዘጋው ቴይሉ ብቻ ነው፣ አትፍራ።