«ኦፍ ኮርስ» ሁሌም «እንዴታ» አይደለም

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ሁላችሁም ስለምታውቁት አንድ የእንግሊዝኛ አባባል ነው። «ኦፍ ኮርስ» ስለሚለው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ከውጭ የመጣች እንግዳ አዳራሽ በር ላይ አገኘችኝና ስብሰባው እዚህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ኦፍ ኮርስ!» አልኳት፣ በፈገግታ። ፊቷ ቅጭም አለ። ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ዝም ብላ ገባች። ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

እኔ በልቤ «እንዴታ!» ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው ግን «ይሄም ይጠየቃል?» የሚል ነው።

«እንዴታ» ሞቅ ያለ ቃል ነው። «ሠርጉ ላይ ትመጣለህ?» ሲሉን «እንዴታ!» ስንል ጠያቂው ደስ ይለዋል። «ኦፍ ኮርስ» ግን ሌላ ነገር አዝሏል። «ኮርስ» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ሩጫ፣ አካሄድ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። «ኦፍ ኮርስ» ሲባል እንግዲህ ነገሩ በተለመደው መንገዱ ይሄዳል፣ አያጠያይቅም እንደማለት ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው «እስክሪብቶሽን ልዋሰው?» ቢልሽና «ኦፍ ኮርስ» ብትይው፣ የማያጠያይቀው ያንቺ ደግነት ነው። ደስ ይላል። መረጃ ፈልጎ ሲጠይቅሽ ግን የማያጠያይቀው መልሱ ራሱ ይሆናል። ያኔ ሰውየው ግልጽ የሆነውን ነገር ሳያውቅ የቀረ ይመስላል። ቃሉ አንድ ነው፣ አንዱን ያከብራል፣ ሌላውን ያሳፍራል። የድምፅ ቃና ሊያለዝበው ይችላል፤ ኢሜይል ላይ ግን ቃና የለም።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ይህን ልብ በሉልኝ። «ኤክሴል ትችላለህ?» ሲሉህ «ኦፍ ኮርስ» አትበል። ቆፍጣና የሆንክ ይመስልሃል፤ ጠያቂው ግን የተናቀ ሊመስለው ይችላል። «የስ፣ አይ ካን» በልና በኤክሴል የሠራኸውን አንድ ነገር ንገረው። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል። ትዕቢተኞች አልነበሩም። አማርኛቸው ነው እንደዚያ ያናገራቸው።

አንድ ልጨምር። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ማለት «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» ነው። ቃል በቃል ከተወሰደ «ኦፍ ኮርስ» ካልክ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» አልክ ማለት ነው። በአማርኛ ቢሆን «ኧረ ምን ገዶኝ!» ነበር የምትለው፤ «እንዴታ» አትልም። የእንግሊዝኛው «ኧረ ምን ገዶኝ» ደግሞ «ኖት አት ኦል» ነው። እሱን በልና ቦርሳህን ከወንበሩ ላይ አንሳለት።